የኬላው ሹም ሰላምታ

ሃምሳን ከተሻገርኩ ወዲህ «አንተ» የሚለኝ ሰው እያለቀብኝ ነው። የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ረዳት «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ» ይለኛል። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ገና ስታየኝ ወንበር ትፈልግልኛለች። ፀጉር አስተካካዬ እንኳ ምላጩን ይዞ «አመመዎት እንዴ?» ይላል። ክብር ነው ይሉኛል። ለእኔ ግን አንቱታ በትህትና የተዘጋ በር ነው፤ አንኳኩተህ የማትገባበት፣ ተናደህም የማትረግጠው።

ደግነቱ በብሎካችን አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ላይ አስቁመው «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» አሉኝ። ሽበቴን ያላዩት ዓይናቸው ስለደከመ ነበር። ቢሆንም ያን ቀን ሙሉ ልቤ እንደ ጎረምሳ ሲዘል ዋለ።

ሽማግሌው የጎረቤቴ አባት ናቸው። ጎረቤቴ አይሱዙ አለው፤ ከወሎ እህል ያመጣል፣ ከአቃቂ ቆርቆሮና ብረት ይወስዳል። እናቱ ካረፉ በኋላ አባቱ አገር ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን ይረሳሉ። ልጅየው በሄደ በተመለሰ ቁጥር እየለመነ፣ እየተቆጣ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ፣ በመጨረሻ ከብታቸውን ሸጠው አብረውት እንዲመጡ አደረገ። «አባቴ እዚህ ከለመደልኝ እኔ ሌላ ነገር አልመኝም» ይለኝ ነበር። ቱሉ ዲምቱን ለሰማንያ ዓመት ባላገር ማስለመድ ቀላል ሥራ አይደለም። እኔ ራሴ አቃቂ በሰቃ ተወልጄ ያደግሁት ሰው፣ እዚሁ ቅርብ ኮንዶሚኒየም ሲወጣልኝ ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

እሳቸው ግን ለመዱ። የለመዱትም በሰላምታ ነው። ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ እጁን ይይዛሉ፤ ከያዙ አይለቁም። «እንደምን ዋልክ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ሌላው ሰው ጥያቄዎቹን እንደ ቆሎ እያከታተለ ይወረውራል፤ መልሱን አይጠብቅም፣ መልስም አያስፈልገውም። እሳቸው ግን አንዱን ጠይቀው መልሱ እስኪመጣ ይቆማሉ። «ደህና» ብትላቸው አይበቃቸውም፤ ደህናው ምን ዓይነት ደህና እንደሆነ እስክትናገር እጅህ እጃቸው ውስጥ ነው። «ልጅህስ? ያ ፈተና እንዴት ሆነላት?» ከዚያ ዝምታ። «ያ ወገብህስ?» ዝምታ። በመጨረሻም፣ እዚህ ብሎክ ውስጥ ከአንድ ሁለት ድመት በቀር እንስሳ እንደሌለ እያወቁ፣ ከልማድ «ከብቱስ?» ይላሉ። እኔ ከዓመታት በፊት «ሰላምታችን ጊዜያችንን እየበላው ነው» የሚል መጣጥፍ ጽፌ ብዙ ሰው አስቆጥቻለሁ፤ በቁጣውም ተደስቻለሁ። በእሳቸው እጅ ተይዤ ስቆም ግን ያ መጣጥፍ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሐሳቡን የቀየረ ተቃዋሚ ምን ዋጋ አለው?

ወደ ጨዋታው ልምጣ። ጨዋታውን ያመጣችው አንደኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው መድኃኒት ቀማሚ ጎረቤታችን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች የተማረችው ነው። ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም፤ የሚወረወር ባለቁጥር ዳይስና አፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥራል። የፈጠረው ሰው ምን ያህል ብርቱ፣ ምን ያህል ብልህ፣ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ በቁጥር ይወሰናል። ከዚያ እሷ አጫዋች ሆና አገሩንና ሕዝቡን ትተርካለች፤ እኛ የፈጠርነውን ሰው ሆነን እንናገራለን፤ የሞከርነው ነገር መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። የሰፈሩ ግማሹ ቁማር ነው አለ፣ ግማሹ ጥንቆላ ነው አለ። እኔን የሳበኝም ይኸው ሐሜት ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ ከሰዓት በኮሚናል እንጫወታለን፤ ያው በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ የብሎኩ ስብሰባ የሚካሄድበት የጋራ ቤት። አጫዋቿ፣ እኔ፣ ጎረቤቴ ሾፌሩ፣ እንዲሁም ክፍለ ከተማ የሚሠራ፣ ከሥራው ይልቅ ለጨዋታው ሰዓት የሚያከብር አንድ ጎልማሳ ነበርን። አጫዋቿ አንድ ጥብቅ ሕግ አላት፤ ጠረጴዛው ላይ አንቱታ የለም። «ጋሼ፣ አንተ እዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ሌባ ልትሆን ትችላለህ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሌባ እርስዎ አይባልም።» ለዚህ ሕግ ስል ብቻ ዕድሜ ልኬን ልጫወት እችል ነበር።

አንድ እሑድ፣ ቀጣዩ ታሪክ የሚያስፈራ ጠላት እንደሚፈልግ ነግራ ፈጠራውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ብዙ አንብበሃል፤ አስፈሪ ሰው አምጣልን።»

ያመጣሁት አስፈሪ ሰው አሳፋሪ ነበር። አንድ ዓይና ነው፤ ጥቁር ካባ ይደርባል፤ መጥረቢያ ይሸከማል። የተራራ ማለፊያ ላይ ኬላ ይጠብቃል፤ ነጋዴ ሁሉ ገብሮለት ያልፋል። ድምፄን አጎርንኜ «አንገታችሁን እቆርጣለሁ!» ስል፣ የክፍለ ከተማው ሰው ጠረጴዛው ላይ ዘንበል ብሎ በአዘኔታ አየኝ።

«ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞሃል?»

ሾፌሩ ቀጠለ። «ስለ ውሃው ከጥበቃው ጋር ስትጨቃጨቅ ከዚህ የበለጠ ታስፈራለህ እኮ!»

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ተሳቀብኝ፤ እኔ ደግሞ በሰው መሳቅ እንጂ ሲሳቅብኝ መቻል አላውቅም። በሕይወቴ ያስፈሩኝን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኩ። አንዳቸውም አልጮኹም። የልጅነቴ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ከመግረፉ በፊት እናቴ እንዴት እንደሆነች ይጠይቀኝ ነበር፤ በደግ ድምፅ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው አለንጋውን ሳይሆን ያንን «እናትህ ደህና ናት?» ነው።

ሐሳቡ ሙሉ ሆኖ የመጣው ግን ደረጃ ላይ ነው። ጀሪካን ይዤ ስወጣ ሽማግሌው እጄን ያዙ። «ልጅህስ?» አሉኝና ዝም አሉ። እኔም፣ ልጄ ፈተናውን እንዳለፈች እየነገርኳቸው፣ በሌላው ጆሮዬ ያንን ዝምታ እያዳመጥኩ ነበር። ይህ ዝምታ ፍቅሩ ቢወጣለት ምን ይሆናል? ይህ የማይለቅ እጅ የሌላ ሰው ቢሆን? እሳቸው በልጄ ደስ ብሏቸው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ፣ እኔ በተያዘው እጄ እየሰረቅኋቸው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ዓይናነቱም፣ ካባውም፣ መጥረቢያውም ቀሩ። የኬላው ሹም ንጹሕ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ሆነ። አያስፈራራም፤ ሰላም ይላል። አንቱታ በሌለበት ጠረጴዛ አንቱ የሚል እሱ ብቻ ነው። የነጋዴውን እጅ ይዞ «እንደምን ሰነበቱ?» ይልና ይጠብቃል። «ልጆችዎስ?» ይልና ይጠብቃል። «ትልቁስ? ወንዝ ማዶ ያለው?» ከዚያ፣ «ከብቱስ?» ሲጨርስ እጁን ለቆ «በሉ፣ ልጆችዎን ሰላም ይበሉልኝ» ይላል። በማግስቱ ወንዝ ማዶ አንድ ጎተራ ይቃጠላል።

አጫዋቿ ዳይሱን ልትወረውር አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «አያስፈልግም» አለች። «ፈርቻለሁ።»

ሾፌሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «አባቴን አስመሰልከው እኮ!» እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን ፊቴ ላይ ነው።

«ኧረ ተው! ባላገር ሁሉ እንዲህ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«እሱስ ልክ ነህ» አለ።

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?» አለች አጫዋቿ።

«ከራሴ።»

ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ቃል ሲወድ! እውነቱን ብናገር የሚቀርብኝ አድናቆት ብቻ ነበር። እሱም በዛብኝ።

ሹሙ ተወደደ። አዲስ ታሪክ በተጀመረ ቁጥር «ኬላው ጋ እንለፍ» ይላሉ። እኔም እየተካንኩበት ሄድኩ። ሽማግሌውን ደረጃ ላይ ሳገኝ ሳላስበው አጠናቸዋለሁ፤ አውራ ጣታቸው የእጄን ጀርባ እንዴት እንደሚነካ፣ ከ«ከብቱስ» በፊት እንዴት ትንሽ እንደሚተነፍሱ። እሳቸውም የማዳምጣቸው ወድጄ እየመሰላቸው ሰላምታውን ያረዝሙልኝ ነበር። ወድጄም ነበር እኮ። ነገሩን የሚያከፋው ይኸ ነው።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። አጫዋቿ ኬላውን ሳይገብር ሊያልፍ የሞከረ ነጋዴ ሆናለች፤ እጇን ይዣለሁ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አልኩ፤ ጠበቅሁ።

«ልጆችዎስ እንደምን አሉ?» ጠበቅሁ።

«ትልቁስ? ወንዝ ማዶ ያለው?» ጠበቅሁ። «ከብቱስ?»

ከኋላዬ መልስ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ! ደህና ሰንብተናል። ትልቁማ ይኸው አጠገብህ ተቀምጧል! ወንዝ ማዶ ያለችው ሴቷ ናት፤ እሷም ደህና ናት። ከብቱን ግን ሸጥነው እኮ፣ አልነገርኩህም?»

ሽማግሌው ናቸው። ልጃቸውን ለከሰዓቱ አስር ሶላት ሊጠሩ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ አንቱ ሊባል የሚችል ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አንቱ ሲባል ሰሙ፣ መለሱ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰላም ማለቴን እንኳ እንደ ነውር አልቆጠሩብኝም፤ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ተቀብለው በተራቸው መለሱልኝ።

የክፍለ ከተማው ሰው የጠጣው ለስላሳ በአፍንጫው ወጣ። አጫዋቿ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሾፌሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው፣ አንዳችን የሚያስቀውን እስክንነግራቸው እየጠበቁ ሳቁ። መጠበቅ ያውቃሉ። ማንም አልነገራቸውም።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙን» አለች አጫዋቿ በመጨረሻ ዓይኗን እየጠረገች። «ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ነው? አብሽሩ፣ ተጫወቱ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሶላቱ እንዳያልፍህ።»

እዚያ ላይ ቢቀር ደህና ነበር። አልቀረም። የክፍለ ከተማው ሰው ታሪኩን በደረጃው ሁሉ አዳረሰው፤ «ከብቱስ?» የብሎኩ ቀልድ ሆነ። የጥበቃ መዋጮ ያላዋጣውን ሰው ሲያስፈራሩ ቀስ ባለ ድምፅ «ከብቱስ?» ይላሉ። ውሃ በመጣ ቀን ሰልፍ የሚያቋርጥ ሲገኝ ከኋላ «ከብቱስ?» ይባልና ሳቅ ይፈነዳል። ሽማግሌው በሰልፉ መካከል ቆመው ያንን ቃል ይሰማሉ። ከዚያ ወደሳቁት ሰዎች ያያሉ፤ በዚያ ዓይን ምን ያህል እንደሚታያቸው እንጃ።

ከሰላምታቸው መጀመሪያ የቀረው ከብቱ ነው። ከዚያ ልጆቹ ቀሩ። ከዚያ እጅ መያዙ ቀረ። በመጨረሻ እንደ ማንኛችንም ከሩቅ እጃቸውን አንስተው «ሰላም ነው» ብለው የሚያልፉ ሆኑ። ልጃቸው ደስ አለው። «ጋሼ፣ አባቴ ከተሜ ሆነ!» አለኝ ታክሲ ተራ ላይ። «በቃ ለመደልኝ።» ምን ልበለው? ጊዜ የሚቆጥብ ሰላምታ ይኑረን ብዬ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም?

ብዙም ሳይቆይ ልጅየው ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ።

«አገሬ ልሂድ ይላል። ሴት ልጄ ጋ ልኑር ይላል።»

«ለምን?»

«አይናገርም! ‹እዚህ ምን ጎደለህ?› ስለው ‹ምንም› ይላል። እዚያ ሐኪም ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መድኃኒቱን ማን ያስታውሰዋል? ባለፈው ዓመት ወድቆ እኮ ነው የተገኘው፣ ጋሼ።» በሩን ተደግፎ ቆመ። «አንተን ይሰማሃል። ‹ያ ልጅ ጨዋ ነው፣ ሰላምታ ያውቃል› ይለኛል። አናግርልኝ፤ አባት እንደሰጠኸኝ እቆጥረዋለሁ።»

አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሽማግሌው በረንዳው ላይ፣ በጀሪካኖቹ መካከል፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ግባ» አሉ። እጃቸውን ሰጡኝ፤ እጄ ገና ሳይሞቅ ለቀቁት።

«እንደምን ዋሉ?» አልኩና ቆምኩ። «ልጆችዎስ?» ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግን የመጣልኝ በሹሙ ድምፅ ነው። ያለዚያ ድምፅ እንዴት እንደሚባል ፈልጌ አጣሁት። ዋጥኩት። ስለ ሐኪም ቤቱ አወራሁ፣ ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ ልጃቸው ጭንቀት። ከጽሑፎቼ ሁሉ የተሻለ ክርክር ነበር። ሰምተው ጨረሱ።

«ያ ‹ከብቱስ› የሚሉት ሰውዬ» አሉ፣ «ማነው?»

«የጨዋታ ሰው ነው፣ አባባ። የለም።»

«ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ምን ይሠራል?»

«ኬላ ይጠብቃል። ሰው ያስፈራል።»

«በምን?»

«... ሰላም እያለ።»

መቁጠሪያው ቆመ። የገባቸው አልመሰለኝም፤ ወይም እንዳልገባቸው ልቆጥር ፈለግሁ።

«ሰላም ካላቸው ታዲያ ሰዎቹ ለምን አይመልሱለትም?»

«ይፈሩታላ።»

«አይ» አሉ። «እና ሰላምታውን ከየት አመጣህለት?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። «ከእርስዎ» ብል ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ይሳደቡ ይሆናል። ቢያንስ ግን ሰው የሚስቀው በእሳቸው ሳይሆን ከእሳቸው በሰረቅሁት ነገር እንደሆነ ያውቁ ነበር። ምናልባት ያን አውቀው ይቀሩ ነበር። ልጃቸው የለመነኝ እንዲቀሩ እንድለምናቸው ነው፤ መለመኛዋ ደግሞ ይህች ቃል ብቻ ነበረች።

«ከራሴ» አልኳቸው።

የለቀቁትን እጄን አዩት። «ጎበዝ ነህ» አሉ። መቁጠሪያው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ወርጄ ለልጃቸው «እምቢ አሉኝ» አልኩት።

የሄዱ ቀን ጠዋት አይሱዙው ከብሎኩ ፊት ቆመ። የመድኃኒታቸው ፌስታል፣ አንድ ሻንጣ፣ ልጃቸው የገዛላቸው ፍራሽ። ጎረቤት ሁሉ ወርዷል። ሽማግሌው ያን ቀን እንደ ድሮው ሆኑ፤ እያንዳንዱን እጁን ይዘው ተሰናበቱ። አጫዋቿን «አንቺ ልጅ፣ ያ ክኒን በጅቶኛል» አሏት። የክፍለ ከተማውን ሰው ጉንጩን መታ መታ አድርገው «አንተ ሳቂታ» አሉት፤ አንገቱን ደፋ። እኔ መጨረሻ ላይ ቆሜያለሁ። «አንተ ልጅ» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ ሃምሳን ተሻግሬም እንደ ሕፃን ተራዬን እየጠበቅሁ።

እጄን ያዙ። አልለቀቁም። ደክሞ የማያየኝ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ።

«በሉ፣ ደህና ይሁኑ» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ያ ዝምታቸው። «ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ።»

እጄን ለቀቁና ወደ ጋቢናው ተደግፈው ወጡ።

ልጃቸው በሩን ዘግቶላቸው ወደ መሪው ሲዞር አጠገቤ ቆም አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ግን ፈገግ ብሏል።

«ሰማኸው ጋሼ?» አለኝ ትከሻዬን ይዞ። «አንቱ አለህ እኮ! አባቴ ከሱ የሚያንስን ሰው አንቱ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ምን ያህል ቢያከብርህ ነው!»

«አዎ» አልኩት።